ተነስታ የለቀቀችው ግንብ

ቼዝ እንደምችል ከታወቀ ወዲህ እፎይታ የለኝም። ዳንግላ ውስጥ ጥርስ ነቃይ ዘንድ የሚሄደው ጥርሱን ያመመው ብቻ ነው፤ እኔ ዘንድ ግን ጤነኛው ሁሉ ይመጣል። ባለፈው ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተጣብቆ ተቀምጬ፣ ከጎኔ ያለው ሰውዬ የቁርስ ሽንኩርቱን ፊቴ ላይ እየተነፈሰ «ጋሼ፣ እርስዎ ስንት እርምጃ ወደ ፊት ያያሉ?» አለኝ። «አንድ፤ እሱንም እግዜር ሲፈቅድ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ጭኔን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። ኤጭ! ሰው ሲነካካኝ አልወድም።

ጥያቄዎቹ አይለወጡም። ንጉሡ ሳይበላ እንዴት ጨዋታው አለቀ ይባላል? ወታደሩ ለፍቶ ለፍቶ መጨረሻው መስመር ሲደርስ ንግሥት ይሆናል ካላችሁ ንጉሥ የማይሆነው ለምንድን ነው? ማንም ሳይነካው መሄጃ ያጣ ንጉሥ ተሸነፈ እንጂ እንዴት አቻ ተባለ? ጎበዝ ለመሆን ስንት ወር ይበቃል? አንድ የዘንገና ገበሬ ፈረሱን ደጅ አስሮ ቼዝ የምንጫወትበት ሻይ ቤት ገብቶ፣ የሰሌዳውን ፈረስ አረማመድ ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ «ሁለት ወደ ፊት ሄዶ አንድ ወደ ጎን የሚሰናከል ፈረስ ካለህ ሽጠው፤ ገደል ይከትሃል» ብሎኛል። እሱስ ደግ ነው፣ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። የሻይ ቤቷ ባለቤት ደግሞ አንዱ ከኋላ ሆኖ «ጳጳሱን ብላው እንጂ!» እያለ ሲጮህ ሰምታ «በስመ አብ! ያውም በጾም!» ብላ አማተበች።

ይህን ሁሉ እመልሳለሁ። እየተቆጣሁም ቢሆን እመልሳለሁ። መመለስ ያቃተኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱንም የጠየቀኝ ቼዝ የማያውቅ ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ ቼዝ ወዳድ ከምባል፣ ቼዝ ሲበላሽ ማየት የማልችል ሰው ብባል ይሻላል። የሻይ ቤቱን ሰሌዳ ያየ ይፈርድልኛል። ሻይ ፈሶበት፣ ስኳሩ ደርቆበት፣ ወታደሮቹ ሲነሱ ጣት ላይ ሙጭጭ ይላሉ። አንዱ ጥቁር ግንብ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ በእሱ ፋንታ የቆመው የሳል ሽሮፕ ክዳን ነው። ተጫዋቹ በግራ እጁ ዳቦ ይዞ ይገምጣል፣ በቀኙ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ በዚያው በቀኙ ንግሥቲቱን ያነሳል። ሲያበቃ ያንኑ እጅ «ጨብጠኝ» ብሎ ይዘረጋልኛል። ከኋላ የቆሙት ተመልካቾች ደግሞ ግማሾቹ አጨዋወቱን አያውቁም፣ ሁሉም ግን ይመክራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው «ልመልስ» የሚሉት ነገር ነው። ሰውዬው አስቦ አስቦ አንዱን ያንቀሳቅሳል፣ እጁን ይለቃል፣ ሌላው ሊበላበት ሲል «ኧረ ቆይ ቆይ፣ ልመልስ፣ አላየሁትም!» ይላል። ይመልሳል። ያኛውም በተራው ይመልሳል። ሲመላለሱ ውለው መጨረሻ ላይ ማን እንዳሸነፈ ይጣላሉ። እኔ ይህን ሳይ ምራቁን ተፍቶ መልሶ የሚልስ ሰው ያየሁ ያህል ያቅለሸልሸኛል። ሕጉ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም፤ የነኩትን ያንቀሳቅሳሉ፣ የለቀቁት አይመለስም። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከእጅ የወጣም እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይመልስ ብላችሁ ከፈቀዳችሁ አለቀላችሁ፤ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው።

ባሕር ዳር የዳኝነት ሥልጠና ይሰጣል ሲባል ከትምህርት ቤቴ ፈቃድ ለምኜ የሄድኩት ለዚሁ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ጡረታ ደጄ ላይ ቆሟል፣ ጸጉሬም ከነጣ ቆይቷል። ከሥልጠናው አንድ የምስክር ወረቀትና በሽቦ የተጠረዘ የሕግ መጽሐፍ ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ በዞኑ ውስጥ የተማሪዎች ውድድር ሲኖር ዳኛው እኔ ነኝ። መጽሐፉን ያነበበ ሌላ ሰው የለም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

የማወራው ስለ እንጅባራው ውድድር ነው። ከየወረዳው የተመረጡ ተማሪዎች በአንድ ቀን ተጋጥመው፣ የተሸነፈ እየወጣ፣ መጨረሻ ላይ አንደኛ የሆነው ዞኑን ወክሎ ባሕር ዳር ይሄዳል። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሄደው። እንጅባራን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ጭጋጓ ጠዋት ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ድረስ ተከትሎ ይገባል። የእርጥብ ጋቢና የእርጥብ ካልሲ ሽታ ተቀላቅሎ አዳራሹን ሞልቶታል። መስኮት ክፈቱ ብል ብርድ ነው አሉኝ። አፍንጫዬን ይዤ ልዳኝ እንግዲህ?

ሦስት ሰዓት ላይ ነው የገባሁት። ልጆቹ ተቀምጠዋል። ሁሉም አንገታቸውን ስልክ ላይ ደፍተዋል። አንዱ እግሩን ከፊቱ ያለው ወንበር ላይ ሰቅሎ ሸንኮራ ይመጥጣል፣ ምጣጩን እዚያው መሬት ላይ እንትፍ ይላል። እኔ ሽማግሌው ኮቴን ለብሼ፣ መጽሐፌን በብብቴ ይዤ በመካከላቸው ሳልፍ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ደሜ ፈላ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ ግን አንዲት ቀጭን ልጅ ነጠላዋን እየሰበሰበች ብድግ አለችና «ኖር!» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጠው አባቷም አብሯት ተነሳ።

«በእግዜር!» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብዬ። ከዚያ ዞሬ ለቀቅኩባቸው። «እናንተ ከምን ተፈጠራችሁ? ሰው ሲገባ እንደ ድንጋይ ቁጭ! ቼዝ የጨዋ ጨዋታ ነው! ከዚህ ሁሉ መካከል ወላጅ ያሳደጋት እሷ ብቻ ናት? እዩዋት! ትልቅ ሰው ሲመጣ እንዲህ ነው የሚደረገው! ከእንግዲህ እንደ እሷ ሆናችሁ ላያችሁ!» አዳራሹን በሙሉ አስነሳሁት። እንደ ቆሙ ጥቂት አቆይቼ አስቀመጥኳቸው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ልጅቱ በሃፍረት አንገቷን ደፍታ ፈገግ ስትል አየኋት።

ከዚያ የውድድሩን ሕግ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ስለ መንካት፣ ስለ መልቀቅ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ዝምታ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ጨዋታ ላይ ሳላችሁ ለማንም አትነሱ የሚል ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። የከተማዎቹ ልጆች እንኳን በጨዋታ መካከል፣ ጨዋታ በሌለበትም አይነሱም፤ ለእነሱ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። እሷ ከየት ታውቀዋለች?

እስከ ምሳ ድረስ ሁለት ልጆችን አሸነፈች። አጨዋወቷን ወደድኩት። አትቸኩልም፣ አትቁነጠነጥም፣ ተጋጣሚዋ ሲያስብ ወደ ጣሪያው አታይም። እጇ ንጹሕ ነው፤ ይህም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ጠዋት አንድ ልጅ ንግሥቲቱን የምትበላበት ቦታ ላይ አስቀምጦ ለቀቃትና «ጋሼ፣ ልመልስ፣ እባክዎ!» አለኝ። «የለቀቁት አይመለስም» አልኩት። አለቀሰ። እንባና ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ፣ በዚያው እጅጌ ሰሌዳውን እየዳበሰ አለቀሰ። ፊቴን አዞርኩ። ዳኛ ማለት እንዲህ ነው እያልኩ ለራሴ ደረቴን ነፋሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ የልጅቱ አባት አዳራሹ በር ላይ ጠብቆ አነጋገረኝ። ከአዘና ወዲያ የመጣ ገበሬ ነው። አፉን የፈታው በአዊኛ ስለሆነ አማርኛውን ረጋ እያለ፣ ቃል እየመረጠ ነው የሚናገረው። ከጨርቅ የገብስ ቆሎ ፈትቶ «ይቅመሱ እንጂ፣ መምህር» አለኝ። የሰው እጅ የገባበትን አልበላም፣ የእሱን ግን እምቢ ማለት አፈርኩና ዘገንኩ። ጥሩ ቆሎ ነበር።

«ልጅዎን ማን አስተማራት?» አልኩት።

«ትምህርት ቤታቸው አንድ ሰሌዳ ነበር አሉ። እሱ ለሁሉም አይደርስ። ቤት መጥታ ከድንች ቀረጸችው። ሳምንት ሳይሞላው ድንቹ ተጨማድዶ ንጉሡና ወታደሩ አንድ መሰሉ!» ሳቀ። «በኋላ በወረቀት ሥላ ሰጠችኝና እኔ ከቀርከሃ ሠራሁላት። አንጓ አንጓውን ለትልልቆቹ አደረግሁት። ምን ምን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም፤ እንደ ሣለችው ነው የሠራሁት።»

ቀጥሎ ቆሎውን እየቋጠረ ያለው ነገር ግን ሳቅ አልነበረበትም። «አጨዳ ደርሷል፣ መምህር። እናቷ ብቻዋን ናት። ማታ ማታ ከብት ገባ አልገባ ሳትል እዚያ ሰሌዳ ላይ ታፈጣለች እያለች ታማርራለች። እንግዲህ ተስማምተን ነው የመጣነው። ዛሬ ካሸነፈች ባሕር ዳርም ትሂድ፣ ጨዋታውንም ትቀጥል፣ እኔም እናቷም አፋችንን አንከፍትም። ካልሆነላት ግን ይብቃት። እሷም እሺ ብላለች።»

«ታሸንፋለች» አልኩት። ዳኛ እንዲህ ይላል? አይልም። እኔ አልኩ።

ፍጻሜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። የደረሳት የእንጅባራ ልጅ ነው፤ ጨዋታውን ከስልክ የተማረ፣ የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ማስቲካውን አፉን ከፍቶ የሚያላምጥ። ጯ ጯ ጯ! ከጠረጴዛዬ ሆኜ ይሰማኛል። አጨዋወቱን ግን አልነቅፍም፣ ጎበዝ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተናነቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የተሸነፉት ልጆች ሳይቀሩ ስልካቸውን ትተው ወንበር ወንበራቸውን አስጠጉ። ጠዋት ያለቀሰውም ልጅ ከፊት ነበረ።

አሁን ቼዝ ለማያውቅም እንዲገባ አድርጌ ልናገር። የልጁ ንጉሥ ከታች መጨረሻው መስመር ጥግ ላይ ነው። ከፊቱ ሦስት የራሱ ወታደሮች ተደርድረውበታል፤ በሩን ራሱ ላይ የቆለፈ ሰው ማለት ነው። የልጅቱ ግንብ ደግሞ በአንድ ክፍት መስመር ላይ ቆሟል፣ መንገዱን የሚዘጋ የለም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ንጉሡ ያለበት የመጨረሻው መስመር ላይ ካረፈ ንጉሡ ማምለጫ የለውም፣ ጨዋታው አለቀ። አየሁት። እሷም አይታዋለች፤ ትንፋሿን ዋጥ ስታደርግ ታወቀኝ። ግንቡን አነሳች።

ዳኛ በዚህ ጊዜ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። እኔ ግን ተነሳሁ። ያቺን የመጨረሻ እርምጃ በቅርብ ማየት አማረኝ። ጠዋት በሰው ፊት ያሞገስኳት ልጅ ስታሸንፍ አጠገቧ ቆሞ መታየትም አማረኝ፤ ይህንንም ልናገር፣ ምን እደብቃለሁ። በረድፎቹ መካከል አልፌ ሄጄ ፊት ለፊቷ ተገተርኩ። ግንቡ በእጇ እንዳለ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ለትልቅ ሰው ዕቃ በእጅ አንጠልጥሎ መነሳት ነውር ነው። ግንቡን ከእጇ በታች ባገኘችው የሰሌዳ ቤት ላይ ቶሎ አስቀመጠችና፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ብድግ አለች።

«ኖር!»

«በእግዜር» አልኩ። አፌን በቆረጠው! ልማድ ነው፣ ሳላስበው ወጣ። ምን እንደሆነ የገባኝ እሷ ተመልሳ ከተቀመጠች በኋላ ነው።

ግንቡ ከመጨረሻው መስመር ሁለት ቤት ሲቀረው፣ የልጁ ፈረስ በሚበላበት ቦታ ላይ ቆሟል። እሷ ገና አልገባትም። የጀመረችውን ልትጨርስ ረጋ ብላ እጇን ዘረጋች።

«ለቃዋለች» አለ ልጁ፣ ማላመጡን አቁሞ። «እጇን አንስታለች እኮ፤ ተጫውታለች። ተራው የኔ ነው።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። አዳራሹ ጉም ጉም አለ። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ በሕግ! ለእሳቸው ስትነሳ እኮ ነው!» አለ። ሌላው «ዳኛው ይፍረዱ!» አለ። ልጅቱ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ተተከለ።

መጽሐፌን ገለጥኩ። ስለ መልቀቅ የሚናገረውን ገጽ በቃል አውቀዋለሁ፣ መግለጥ አያስፈልገኝም ነበር፤ ጊዜ ለመግዛት ነው የገለጥኩት። ስገላልጥ ሌላ ገጽ መጣ። ተጫዋች በጨዋታ ላይ ሳለ እንዳይረበሽ መጠበቅ የዳኛው ሥራ መሆኑን የሚናገረው ገጽ። ሥልጠናው ላይ ራሴ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ የረበሽኳት እኔ ነኝ፣ ትመልስ። መጽሐፉን ያነበበ ሌላ ሰው የለም፤ ያልኩት ሁሉ ይጸናል። ልጁም ቢሆን የሚከራከር አይመስለኝም ነበር።

ትመልስ! እኔ ነኝ ትመልስ የምለው? ስንት ዓመት ሙሉ ሻይ ቤት ውስጥ ስጮህበት የኖርኩትን ቃል? ጠዋት ያለቀሰው ልጅ አፌን አፌን ያየኛል። ከዚያ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት አለ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በኮቴና በሽበቴ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ለቃዋለች። የለቀቁት አይመለስም» አልኩ።

«እሺ» አለች።

ፈረሱ ግንቡን በላ። ወዲያው እጅ አልሰጠችም። ግማሽ ሰዓት ያህል በቀራት ነገር ተከላከለች፣ አንድ ጊዜም ወደ እኔ ሳታይ። በመጨረሻ ንጉሧን አስተኛችና ተነስታ ልጁን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ልጁ ደስታው ፊቱ ላይ አልወጣለትም፤ ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ ወረቀት ውስጥ ጠቀለለው።

ወይ ነዶ! የሚያስጠላው ገና መምጣቱ ነበር። አንድ የስፖርት ኃላፊ እየተጣደፈ መጥቶ «እንዲህ ነው እንጂ ዳኛ! ጠዋት ያሞገሱትን ልጅ እንኳ አላዳሉም!» ብሎ እጄን ይዞ ናጠው። እጁ ላብ ነበር። ሌሎቹም ተከታትለው ጨበጡኝ። ሁሉም ላብ ነበሩ፣ ወይም ላቡ የእኔው ነበረ እንጃ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። የሻይ ቤቱን ንፍጥ፣ ምራቅና ስኳር ስጸየፍ የኖርኩት ሰውዬ ራሴን እንዲያ ስጸየፍ የመጀመሪያዬ ነው። እነዚያ ቢያንስ የሚልሱት የራሳቸውን ምራቅ ነው፤ እኔ የራሴን ልጅቱን አስዋጥኳት።

ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ በባጃጅ መናኸሪያ ሄድኩ። የአዘናው መኪና ገና አልሞላም፣ ረዳቱ «አዘና! አዘና!» እያለ ይጮሃል። አባትና ልጅ ግድግዳ ተደግፈው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሁለቱም ብድግ አሉ።

«ኖር!» አሉኝ።

«ኧረ ቁጭ በሉ፣ ስለ እግዚአብሔር ቁጭ በሉ!» አልኩ። አልተቀመጡም።

«መምህር፣ ደግ መጡ» አለ አባትየው። «ብጠይቃት አትነግረኝም። እኔ ጨዋታውን አላውቅም። ምን እንዳጠፋች ይንገሩኝና ልምከራት።»

«አላጠፋችም።»

«ሳታጠፋ ተሸነፈች?»

«ግንቡን ቦታው ሳይደርስ ለቀቀችው።»

ወደ ልጅቱ ዞሮ በአዊኛ ጠየቃት። እሷ መሬት መሬት እያየች ሁለት ሦስት ቃል መለሰችለት። ፊቱ ወዲያው በራ።

«አሃ! ለእርስዎ ልትነሳ ነዋ! እኔ እኮ ደንግጬ ነበር። ሰዉ ሲያጉረመርም ጊዜ አታልላ የተያዘች መስሎኝ ነበር። እንዲህ ከሆነማ ልጄ አላሳፈረችኝም፣ ተመስገን!» ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ግን መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። ጠዋት እርስዎም ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ለትልቅ ሰው የተነሳው የሚሸነፍበት፣ ቁጭ ያለው የሚያሸንፍበት ጨዋታ ለልጅ ይሆናል ይላሉ?»

ልጅቱ ከፈረድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። መልሴን እየጠበቀች ነበር። አባቷ የሚጠይቀው እንዲገባው ነው፤ እሷ የምትጠብቀው ግን ሌላ ነው። ጨዋታው ምን በደለ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መነሳት ያልነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ይህን ብቻ ብነግረው ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ይሰማኝ ነበር። ለዚሁ ብዬ አይደል የመጣሁት? ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ረዳቱ አጠገባችን ቆሞ ያዳምጣል፣ ሁለት የማውቃቸው አስተማሪዎችም በዚያ በኩል ያልፋሉ።

«እንግዲህ... ሕግ ነው» አልኩ።

ሕግ ነው! ቱ! ዛሬም ድረስ ይህን ቃል ሳስበው አፌን ያስታጥበኛል።

አባትየው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ መምህር። እንግዲህ ይብቃት» አለ። ከዚያ ከያዘው ኬሻ ውስጥ አንድ የጨርቅ ከረጢት አወጣ። የቀርከሃዎቹ ነበሩ፤ ሲንቀሳቀሱ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። «ለመለማመጃ ብላ ይዛው መጥታ ነበር። እኛ ቤት ከእንግዲህ ምን ይሠራል? ለተማሪዎችዎ ይሁንልኝ» ብሎ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ልጅቱ ከረጢቱን አየችው፣ ከዚያ ዓይኗን አነሳች። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

መኪናው ሞላ። «በሰላም ግቡ» አልኳቸው። ገቡ። እኔ ከረጢቱን ታቅፌ መውጫው በር አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። መኪናው ሰው እያስጠነቀቀ፣ ቀስ እያለ ሲወጣ በፊቴ አለፈ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። አየችኝ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ከጎኗ ሰው ተደራርቧል፣ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፤ ቢሆንም አንገቷን ሰብራ፣ የፊቱን ወንበር ይዛ ብድግ አለችልኝ።